ኪልት (በሠርግ አለባበስ)

ኪልት ከወገብ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከኋላው በጥልቀት የተሸነሸነ፣ ታርታን ከሚባለው ባለ መስቀለኛ መስመር የሱፍ ጨርቅ የሚሰፋ የስኮትላንድ ወንዶች ባህላዊ ልብስ ነው።

ጥንተ መነሻው በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሃይላንድ የሚባለው የስኮትላንድ ተራራማ ክፍል ነዋሪዎች በቀበቶ አስረው፣ ትርፉን በትከሻቸው ይጥሉት የነበረው ሰፊ ጨርቅ ነው። አጭሩ ቅርጽ የመጣው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ከዙፋን የተነሣው ንጉሣዊ ቤተሰብ ደጋፊዎች ከነበሩት ከጃኮባይቶች አመፅ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1746 የወጣ ሕግ ከወታደር በስተቀር የሃይላንድ ወንዶች ልብሱን እንዳይለብሱ ከለከለ፤ እገዳው በ1782 ተነሣ። የብሪታንያ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ በ1822 ኤድንብራን ሲጎበኙ፣ ከሥሩ የሥጋ መልክ ያለው ጥብቅ ሱሪ ደርበውም ቢሆን፣ መልበሳቸው ልብሱን የመላው ስኮትላንድ መለያ ወደ መሆን አሸጋገረው።

ዛሬ ሙሽራውና ሚዜዎቹ በብዛት ይለብሱታል። ሙሉ ኪልት 8 ያርድ (7.3 ሜትር ገደማ) ጨርቅ ይፈጃል፤ በልክ ማሰፋት ሳምንታት ስለሚወስድ ለሠርግ መከራየት የተለመደ ነው። ልኩ በሱሪ ቁጥር አይወሰድም፤ የሚታጠቀው ከሱሪ ከፍ ብሎ በእምብርት አካባቢ ነው፤ ጠርዙም ጉልበት ላይ ያርፋል። የፊቱ ተደራቢ በለባሹ ቀኝ ይዘጋል። ጌጠኛው መርፌ ቁልፍ የላይኛውን ድርብ ብቻ ይወጋል፤ ሁለቱን አጣብቆ ከያዘ ለባሹ ሲቀመጥ ጨርቁ ሊቀደድ ይችላል። ኪስ ስለሌለው ስፖራን የተባለ የቆዳ ቦርሳ ከፊት ይንጠለጠላል። በካልሲ የሚሻጠው ትንሽ ቢላዋ፣ ስኪያን ዱ፣ በአውሮፕላን ሲጓዙ በእጅ ሻንጣ አይያዝም። የስኮትላንድ የዘር ሐረግ የሌለውን እንግዳ ከመልበስ የሚያግድ ሕግ የለም።