ያልተቆጠረ ልጅ በጀት የለውም

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ 2 ያህል ነበር፤ በ1999 ወደ 1 ገደማ ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ግን በ2003 ዓ.ም. የዓለሙን ድርሻ 15 ከመቶ ገመቱ። ልዩነቱ ከአጠያየቁም፣ ልጅን ከመደበቅም የመጣ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴም ጓዳ የሚውል ልጅ እናውቃለን። ላልተቆጠረ ልጅ ብሬልም ሆነ የምልክት ቋንቋ መምህር አይታቀድለትም።

ቁጥርም ግን ገመና ያወጣል፦ በቀበሌው መስማት የተሳነው አንድ ልጅ ብቻ ካለ፣ «1» ብሎ መለጠፍ ስሙን መጥራት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለጤና መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ያዛል።

እኛ በቁጠባችን ድምሩን በስብሰባ እናነባለን፤ የየአባሏን ደብተር እንቆልፋለን። የልጆቹም መዝገብ እንዲሁ ይያዝ። ረጂዎቻችንም ድምሩን ይጠይቁን፤ ስሙን ይተዉልን።