በቃል ያለ ይረሳል፦ የጫካ ቡና ምርምር ትብብርና የውሉ ነገር

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መካከል የሚገኘው የሸኮ ደን ለአካባቢው ነዋሪ የማር፣ የኮረሪማና የቡና ምንጭ ነው። ለተመራማሪ ደግሞ አረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ሥፍራዎች አንዱ ነው። በዚህም የተነሳ ከ60 ዓመታት ወዲህ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ ኖረዋል። ሥራው በየዘመኑ በምን ዓይነት ስምምነት እንደተደራጀና ውጤቱ በማን እጅ እንደቀረ ማየት ዛሬ ተመሳሳይ ትብብር ለሚጀምር ሁሉ ይጠቅማል።

ውል ያልነበረበት ዘመን

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 የቡና አጥኚ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። ቡድኑ የሰበሰበው ዘር ኮስታሪካን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ተሰራጨ። በጊዜው የዕፅዋት ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ቅርስ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ይህ እንደ ነውር አልተቆጠረም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ሊባል የሚችል የአረቢካ ቡና ማግኘታቸውን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ይፋ አደረጉ። ዛፎቹ በኮስታሪካ በኩል ብራዚል ከገባው የኢትዮጵያ ዘር የበቀሉ ነበሩ። ከኢትዮጵያ በኩል ቅሬታ ቢነሳም ዘሩ በወጣበት ዘመን ስለ ጥቅም መጋራት የሚናገር ሕግ ስላልነበረ፣ የሚጠቀስ አንቀጽ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ሁኔታውን የለወጠው እ.ኤ.አ. የ1992ቱ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ነው። ስምምነቱ አገሮች በጄኔቲክ ሀብታቸው ላይ ያላቸውን ሉዓላዊ መብት አረጋገጠ፤ ኢትዮጵያም በ1994 አጸደቀችው።

ልዩ ልዩ ሙያ በአንድ ደን

እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው የጫካ ቡና ጥበቃና አጠቃቀም ፕሮጀክት ከዚህ ስምምነት በኋላ የመጣ ነው። አስተባባሪው የቦን ዩኒቨርሲቲ የልማት ምርምር ማዕከል ሲሆን ገንዘቡን የሰጠው የጀርመን ፌዴራል የትምህርትና የምርምር ሚኒስቴር ነበር። ከኢትዮጵያ ወገን የግብርና ምርምር ድርጅት፣ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተሳትፈውበታል።

የዕፅዋት፣ የጄኔቲክስ፣ የዕፅዋት በሽታና የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ጥያቄያቸውን ይዘው የቀረቡት በአብዛኛው ለተመሳሳይ ደኖች ነው። እነዚህም የሸኮው ብርሃነ ኮንትር፣ ቦንጋ፣ ያዩና የባሌው ሃረና ናቸው። ዋናው የአደረጃጀት ጥበብ እዚህ ላይ ይታያል። የፈይራ ሰንበታ ጥናት ቡናን ለማብዛት ደኑ ሲመነጠር የዛፎች ዓይነት እንደሚመናመን አሳየ። የካሳሁን ተስፋዬ የጄኔቲክስ ጥናት ደግሞ የየደኑ ቡና የተለያየ መሆኑንና አንዱን ደን መጠበቅ ብቻ እንደማይበቃ አመለከተ። ሄይንና ጋትስቫይለር የተባሉት ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ስሌት የኢትዮጵያ ቡና ጄኔቲክ ሀብት ለዘር ማሻሻያ ያለው ዋጋ እንደ ወለድ አቆጣጠሩ ከ420 እስከ 1,458 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገመቱ። ሦስቱም ለየብቻቸው ቢቀሩ የቤተ መጻሕፍት ሲሳይ ይሆኑ ነበር። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን የትኛው ደን፣ ለምን፣ በምን ያህል ዋጋ ይጠበቅ ለሚለው መልስ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ትርፍ ሰው ነው። በፕሮጀክቱ ዙሪያ የዶክትሬት ጥናታቸውን ከሠሩት ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የያዩን ደን ያጠኑት ታደሰ ወልደማርያም ኋላ በአገር ውስጥ በተቋቋመው የአካባቢና የቡና ደን ፎረም በኩል ከለንደኑ ኪው የዕፅዋት ተቋም ጋር ሠርተዋል። በ2017 የታተመው የጋራ ጥናት እርምጃ ካልተወሰደ በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቋል።

ሕጉ ምን ይላል?

አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ለመውሰድ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። የውጭ አገር አመልካች ግዴታውን እንደሚያስከብር ከአገሩ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት፤ ምርምሩም በተቻለ መጠን በኢትዮጵያና በኢትዮጵያውያን ተሳትፎ መካሄድ ይኖርበታል። መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም 50 በመቶው የአካባቢው ማኅበረሰብ ድርሻ ነው።

ውል መፈረም ብቻውን ግን አይበቃም። በ2005 በጤፍ ላይ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመው ስምምነት እንደ ጥሩ አርአያ ተወድሶ ነበር። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ በጤፍ ዱቄት ላይ ያወጣው ፓተንት ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ቆይቶ የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ዋጋ ያሳጣው በ2018 ነው። የፈረመ ካልተከታተለ ፊርማው ቀለም ብቻ ይሆናል።

ከዚህ በመነሳት ማንኛውም ዓለም አቀፍ የምርምር ትብብር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አራት ነገሮችን በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል። አንደኛ፣ መረጃውና ናሙናው የት እንደሚቀመጥ፣ ቅጂውም ማን ዘንድ እንደሚቀር። ሁለተኛ፣ በጥናቱ ጽሑፍ ላይ የማን ስም እንደሚሰፍር። ሦስተኛ፣ ዘሩ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ የማን ፈቃድ እንደሚጠየቅ። አራተኛ፣ ውጤቱ ለሸኮ፣ ለቤንችና ለከፋ ገበሬ በሚገባው ቋንቋ መቼና በማን እንደሚነገር።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አራተኛው ነው። የዶክትሬት ጥናቶቹ በእንግሊዝኛ ተጽፈው ጀርመን ውስጥ ታትመዋል። ዛፉን ለመቁረጥም ሆነ ለመተው የሚወስነው ግን ገበሬው ነው። ከፋና ያዩ በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆነው ተመዝግበዋል። ብርሃነ ኮንትር በስሙ ከተመዘገቡት መካከል የለም። በሁለቱም ከተሞች ግቢ ያለው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የእነዚህን ጥናቶች ቅጂ ሰብስቦ፣ ፍሬ ነገራቸውን በአካባቢው ቋንቋዎች ቢያሰማ ከውጭ የሚመጣ ተባባሪ መጠበቅ አያስፈልገውም።

አበው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚሉትም እነርሱ ናቸው። ለጫካ ቡናችን ሁለቱም ምክሮች ያስፈልጉታል።