የተኛ ባሌስትራ

አጎቴ የ1982 ሞዴል ላንድክሩዘር አለው፤ 40 ተከታታይ የሚባለው፣ ጣሪያው ነጭ፣ ሆዱ ዝገት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ባለፈው ክረምት አያቴን ሐኪም ቤት ልናደርሳት ይዘናት ስንወጣ መኪናው መንገድ ላይ ተቀመጠ። «ተቀመጠ» ስል ቃል በቃል ነው። የጭነት መኪኖች ጎማ ግራና ቀኙን ቆፍሮ መሃሉን ጉብታ አድርጎት ነበር። የእኛው ጉብታው ላይ አረፈና ጎማዎቹ በባዶ ይሽከረከሩ ጀመር። አያቴን የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሷት። ዛሬ ደህና ናት። እኔ ግን ያን ቀን ከቃሬዛው ኋላ ስሄድ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ይህ መኪና ከፍ ይላል።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ችግር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው ሌላው ሰው እንዴት እንደፈታው ማንበብ ነው። ሙሉ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ከአቅማችን በላይ ስለነበር፣ ያነበብኩት ሁሉ በርካሽ ስለሚሠራው ነበር። ሳነብ ግን ሳላስበው ታሪክ ውስጥ ገባሁ። ለካ የእነዚህ መኪኖች ታሪክ ከመነሻው የእጥረት ታሪክ ነው።

በ1940 የአሜሪካ ጦር ቀላል፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ፈልጎ ለፋብሪካዎች ጥሪ ሲያቀርብ፣ ናሙናውን በ49 ቀን አምጡ ነበር ያለው። በቀኑ ያደረሰው ባንታም የተባለ ትንሽ፣ በገንዘብ የደከመ ፋብሪካ ነው። በዚያ ጥድፊያ ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ መፈልሰፍ ስለማይቻል፣ ገበያ ላይ ያለ ዕቃ እየተለቀመ ተገጠመ። ዋናው ትዕዛዝ በኋላ ለዊሊስና ለፎርድ ሄደ፤ ሁለቱ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ600 ሺህ በላይ ጂፕ ሠሩ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ጂፖቹ በርካሽ ተሸጡ። አንዱን የያዘው የእንግሊዙ ሮቨር ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ነበር፤ በአንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው ላይ ይሠራበት ነበር። ይህ ሲያረጅ በምን እተካዋለሁ ብሎ ሲያስብ ላንድሮቨር ተወለደ። የመጀመሪያው ናሙና የተሠራው በጂፕ ሻንሲ ላይ ነው። በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ አካሉ አሉሚኒየም ነበር፤ ብረት በኮታ ስለሚታደል። የመጀመሪያዎቹ ቀለምም አረንጓዴ ብቻ ነበር፤ ከጦሩ የተረፈው እሱ ስለነበር።

ቶዮታም እንደዚያው ነው። በ1951 ለጃፓን ብሔራዊ የፖሊስ ተጠባባቂ ኃይል ብሎ የሠራው ቢጄ፣ በትንሽ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ትልቅ የጭነት መኪና ሞተር የተጫነበት ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ኢቺሮ ታይራ የተባለ ሹፌር እስከ ፉጂ ተራራ ስድስተኛ ጣቢያ ነድቶት ወጣ። ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነው፤ «ጂፕ» የሚለው ስም ባለቤት ነበረውና።

የእነዚህ የሦስቱም ክብደት ያረፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ባሌስትራ። ቃሉ የጣሊያን ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞላ፣ ጎሚስታ... ጋራዥ ገብተህ አፍህን ስትከፍት ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ባሌስትራ በጣሊያንኛ ሌላም ትርጉም አለው፤ ከጠመንጃ በፊት የነበረው፣ በቃታ የሚተኮሰው ቀስት። ስሙ ልክ ነው። የጎበጠ ብረት ነው፤ ስትጫነው ይዘረጋል፣ ስትለቀው ይመለሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ረጃጅም ዝርግ ብረቶች ከረጅም ወደ አጭር ይደረደራሉ። የረጅሙ ሁለት ጫፍ እንደ ቀለበት ይጠቀለላል። አንዱ ጫፍ ሻንሲው ላይ ይታሰራል፤ ሌላው በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ይያያዛል፤ ምክንያቱም ብረቱ ሲጫኑት እየተዘረጋ ይረዝማል። ሸክሙንም ይሸከማል፣ አክስሉንም በቦታው ይይዛል። አንድ ብረት ሁለት ሥራ።

በርካሽ ከፍ ማድረግ ማለትም ከዚህ ብረት ጋር መጫወት ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ይህን ጨዋታ ቀድመው ጀምረውታል። በ1953 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሩቢኮን መንገድ 55 ጂፖች ተሰባስበው ድንጋይ ለድንጋይ ተጉዘዋል። ድንጋዩን ለማለፍ ትልቅ ጎማ፣ ለትልቁ ጎማ ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል። ቦታ ለማግኘት ሦስት ርካሽ መንገዶች አሉ።

አንደኛው ማንጠልጠያውን በረጅም መቀየር ነው። ግን 10 ሳንቲሜትር ብታስረዝም የምታገኘው ከፍታ 5 ብቻ ነው፤ የተነሳው የባሌስትራው አንድ ጫፍ ነዋ። ከፊት ከሆነ ደግሞ አክስሉ ትንሽ ይዞራል፤ ያኔ መሪው ራሱን መመለስ ያቆማል፣ መኪናው አስፋልት ላይ ይቅበዘበዛል። ሁለተኛው ተጨማሪ ዝርግ ብረት መደርደር ነው። ከፍ ይላል፣ ግን ይደርቃል፤ ጉድጓዱን ሁሉ በወገብህ ትቆጥረዋለህ።

ሦስተኛው ልቤን የወሰደው ነው። በ40 ተከታታይ ላይ ባሌስትራው የሚያልፈው ከአክስሉ በታች ነው። አውጥተህ ከላይ ብታስቀምጠው፣ አንድም አዲስ ባሌስትራ ሳትገዛ መኪናው ከ12 ሳንቲሜትር በላይ ይነሳል! የሚፈለገው አዲስ መቀመጫ መበየድ ብቻ ነው። ፋብሪካው እንዴት ይህን አላየም ብዬ ሳቅሁ።

ይህን ሐሳብ ይዤ አጎቴ ለዓመታት የሚያውቃቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ስልኬ ላይ የሣልኩትን አዩ፤ ዝም አሉ።

«የመሪው ዘንግ የት ሊያልፍ ነው?» አሉኝ።

አላሰብኩትም ነበር። ባሌስትራው ላይ ሲወጣ የመሪውን ዘንግ ይመታዋል።

«የፍሬኑ ጎማ ይደርሳል? ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ስንት ዲግሪ ሊሆን ነው? ኃይል ስትሰጠው ባሌስትራው እንዳይጠማዘዝ ምን ይይዘዋል? ገደል ዳር አዘንብሎ ሲሄድስ?»

ሁሉም ጥያቄ የተዘለለ ወጪ ነው። የጃፓኖቹ መሐንዲሶች ባሌስትራውን ከታች ያደረጉት ረስተው አይደለም፤ ሸክም የያዘ መኪና ሸንተረር ላይ እንዳይገለበጥ ዝቅ እንዲል ፈልገው ነው። እኛም ቤት ይህ አለ። አሮጌ ኮድ ውስጥ ሞኝ የሚመስል መስመር ታገኛለህ፣ ታጠፋዋለህ፣ ከዚያ ሌሊት በ9 ሰዓት ስልክ ይደወልልሃል። መስመሩ ሥራ ነበረው።

ከዚያ ሽማግሌው ካርቶን አነጠፉልኝና መኪናው ስር ገባን። «የት ነው ያረፈው?» አሉኝ። ሆዱ ነው አልኩ። በእጅ መብራት አሳዩኝ፤ ሆዱ ላይ ያለው ዝገት እንዳለ ነው። ትኩስ ጭረት ያለው ዲፈረንሻሉ ላይ ነው፤ አክስሉ መሃል ያለው ድቡልቡል ብረት።

ያኔ ነው የገባኝ። ባሌስትራ የሚያነሳው ከባሌስትራው በላይ ያለውን ነው። ዲፈረንሻሉ ያለው አክስሉ ላይ ነው፣ አክስሉም የቆመው በጎማው ነው። መኪናውን አንድ ሜትር ብታነሳው እንኳ ዲፈረንሻሉ ንቅንቅ አይልም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፤ ያም በግማሽ፤ የጎማው ቁመት በ4 ሳንቲሜትር ቢጨምር ከመሬት የምትርቀው 2 ነው። አጎቴ ደግሞ ከዓመታት በፊት ርካሽ ስለነበር ፋብሪካው ካዘዘው ያነሰ ጎማ ገጥሞበታል። ያቺ ቁጠባ ናት አያቴን ቃሬዛ ላይ ያወጣቻት።

ባሌስትራውም ተኝቷል። ከአርባ ዓመት በላይ ሲጫን ጉብጠቱን አጥቶ እንደ ጣውላ ተዘርግቷል። እኔ ከፍ ላደርገው ስል መኪናው ከድሮ ቁመቱ በታች ነበር።

«እንመልሰዋለን» አሉ ሽማግሌው። ከፍ እናደርገዋለን አላሉም።

ባሌስትራዎቹ ወርደው አንድ በአንድ ተፈቱ። በእሳት አሙቆ ማጉበጥ ይቀላል አልኳቸው። ተቆጡ። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልኩ ሞቆ፣ በልኩ ቀዝቅዞ ነው፤ ዝም ብለህ እሳት ካሳየኸው ያን ያጣል፣ ወዲያው ተመልሶ ይተኛል። ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ በቀዝቃዛው፣ በመዶሻ፣ ትንሽ በትንሽ ቀጠቀጡት። የተሰነጠቀውን አንዱን ጣሉት። «እሱ ማረሻ ይሆናል» አሉ። ቀልድ አይደለም። በየገጠሩ አሮጌ ባሌስትራ ቀጥቃጭ እጅ ገብቶ ማረሻ፣ ቢላዋ፣ መጥረቢያ ይሆናል። ያንን ብረት የሚያውቀውን ሰው ግን ቡዳ እያልን ስንሸሸው ኖረናል። ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። እኔ ዲግሪ ይዤ ያላየሁትን ጭረት ያዩት፣ አያቶቻችን ይንቁት በነበረው በዚያ ሙያ እጃቸው የሻከረ ሰው ናቸው።

ጎማውን በትክክለኛው ቁመት ሶማሌ ተራ አሮጌ አገኘን። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ወር ደሞዜ ያነሰ ነው። ሜትር ይዤ ለካሁ፤ ዲፈረንሻሉ 2 ሳንቲሜትር፣ ሻንሲው 6 ሳንቲሜትር ተነስቷል። ፎቶ ብታዩት ልዩነቱ አይታወቃችሁም።

መስከረም ላይ አያቴ ጋ ሄድን። ጉብታው ጋ ስንደርስ አጎቴ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ እኔም በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ወደ ታች እያየሁ ነበር። ምንም አልነካም። ወርጄ ሳይ መሃሉ በዶማ ተቆርጦ ግራና ቀኙ ጉድጓድ በድንጋይ ተሞልቷል። ቃሬዛውን የተሸከሙት ጎረምሶች ናቸው። እኛ መኪናውን 2 ሳንቲሜትር ስናነሳ፣ እነሱ መንገዱን አንድ ክንድ አውርደውታል።