ጄኔራሉ ነገሌ ላይ የበሉት

አዲስ አበባ ውስጥ «የባህል ምግብ ቤት እንሂድ» ሲባል ምን እንደሚጠብቀን ሁላችንም እናውቃለን። መሶብ፣ በርጩማ፣ ማሲንቆ፣ እስክስታ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ልብ የሚያቆም ሒሳብ! ወደ ደቡብ ቆላ ወርደን ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎ፣ ሜጋ ወይም ሞያሌ ላይ ይህንኑ ቃል ብንናገር ግን «የማን ባህል?» የሚል ጥያቄ ይከተለናል። (ነገሌ ቦረናን ከአርሲ ነገሌ ጋር የምታምታቱ ወዳጆቻችን፣ የዛሬው ወጋችን ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ስለምትርቀው ነው።)

የቦረና ገበታ የቆመው በከብት ላይ ነው። በጢስ በታጠነ ዕቃ የሚረጋው ኢቲቱ አለ። ቡና ቀላ አለ፤ ቡናው ሳይፈለፈል ከነገለባው በቅቤ ይጠበሳል፤ ስሙም «የታረደ ቡና» እንደ ማለት ነው። እንጀራና ወጥ ወደዚህ አገር በብዛት የወረደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከምኒልክ ጦርና ጦሩን ተከትሎ ከመጣው ሰው ጋር ነው። ጤፍ ደግሞ የደጋና የወይና ደጋ እህል ነው፤ ደረቁ ቆላ አይስማማውም። ስለዚህ የጦር ሰፈር ባለባቸው የቆላ ከተሞች የወታደሩ ሆድ የሚጠብቀው በደጅ ያለውን አገር ሳይሆን ከላይ የሚላክለትን ቀለብ ነበር። የላከው ሰው ከዘነጋው ጉድ ፈላ ማለት ነው።

ጉዱ የፈላው ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ነገሌ የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮችና የበታች ሹሞች አመፁ። ሥልጣን እንስጠን አላሉም፤ ሕገ መንግሥትም አልጠየቁም። ምግባችን አይበላም፣ ውሃ የለንም ነው ያሉት። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ወታደሮቹ አለቆቻቸውን አሰሩና ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ላኩ። ጃንሆይም ጉዳዩን እንዲያጣሩ የምድር ጦሩን አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ።

ወታደሮቹ እንግዳቸውን ምን አደረጓቸው? አልደበደቧቸውም። ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።

ይህ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ እንስቃለን። ነገር ግን ልብ እንበል፤ አንድን ሰው ከማዕድ አብሮ ማስቀመጥ በአገራችን የወዳጅነት ምልክት ነው። የነገሌ ወታደሮች ያንኑ ገበታ ችሎት አደረጉት። ረጅም ክስ መጻፍ አላስፈለጋቸውም፤ ማስረጃው ሳህን ላይ ነበር። በ1905 እ.ኤ.አ. የሩሲያዋ «ፖተምኪን» የጦር መርከብ ባሕረኞች ትል ያፈራ ሥጋ ሲቀርብላቸው አምፀዋል፤ እዚያ የመርከቡ ሐኪም ሥጋውን አይቶ «ይበላል» ብሎ ነበር። የነገሌዎቹ ግን በዓይን ታይቶ በሚሰጥ ፍርድ አልረኩም፤ ዳኛው ራሱ ይቅመሰው አሉ።

እኛን ይበልጥ የሚገርመን የውሃው ነገር ነው። ከነገሌ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በእነ ዱብሉቅ አካባቢ፣ የቦረና ጥልቅ ኤላዎች አሉ። ወንዶች ከሥር እስከ አፍ ተደራርበው ቆመው ውሃውን እየዘፈኑ ያቀባብሉታል። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚያስጠብቅ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሰው አለ፤ ተራ በጉልበት አይዘለልም። እንዲህ ውሃን በሕግ በሚያካፍል ሕዝብ አገር ላይ ነው እንግዲህ ዘመናዊ የተባለው ጦር አንድ ጉድጓድ ለመካፈል ያቃተው! ሠራዊቱ ከጎረቤቱ ሳይማር ሰባ ዓመት በላይ ኖረ ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

ከአዲስ አበባ ቅሬታችሁ ይታያል የሚል ቃል ተገባላቸው፤ ወሬው ግን በወታደራዊ ሬዲዮ ከሰፈር ሰፈር ዞረ። በየካቲት ደብረ ዘይት አየር ኃይሉ፣ አስመራ ላይ 2ኛ ክፍለ ጦር ተነሡ። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ወደቀ። ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ደርግም የገበታን ኃይል ከነገሌ የተማረ ይመስላል። የ1967 አዲስ ዓመት ዕለት ማታ በቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም አሳየ፤ በረሃብተኞቹ መሐል የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ሥጋ የሚጎርሱትን የጃንሆይ ውሾች ሰካበት። በማግስቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ነገሌ ላይ ጄኔራሉ የወታደሩን ሳህን እንዲያዩ ተደርጎ ነበር፤ አሁን ደግሞ አገሩ የንጉሡን ሳህን እንዲያይ ተደረገ። ልዩነቱ ነገሌ ላይ ምግቡን የቀመሰው ሰው በሕይወት ወደ ቤቱ መመለሱ ነው።

ለጊዜው ነው እንጂ። ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ያለ ፍርድ ከተረሸኑት 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች አንዱ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ነበሩ። በዚያ ሌሊት የቅመሰውና ፍረድ ጊዜ አልነበረም።