ዋይፋዩ እምቢ ሲል
ሊኑክስ የጫናችሁበት አሮጌ ላፕቶፕ ዋይፋይ አላገኝም ሲል የከርነሉን መልእክት ብታነቡ፣ «ፈርምዌር ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መስመር ልታገኙ ትችላላችሁ። ይሄ መስመር ታሪክ አለው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቺፕ አምራቹ ብሮድኮም ለላፕቶፕ ካርዶቹ ክፍት የሊኑክስ ድራይቨር አልሰጠም። ሰዉ ታዲያ ኤንዲስራፐር በሚባል ፕሮግራም የዊንዶውሱን ድራይቨር ሊኑክስ ላይ ማሠራት ያዘ። ይሠራል፤ ግን ሲበላሽ ውስጡን አይቶ ማስተካከል የለም።

ሌሎች ደግሞ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የኩባንያውን ድራይቨር ፈታትቶ ቺፑ እንዴት እንደሚታዘዝ በጽሑፍ አሰፈረ። ሁለተኛው ያንን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ አዲስ ኮድ ጻፈ፤ የኩባንያውን ኮድ ጭራሽ አላየም። ለምን መሰላችሁ? ካየማ «ቀድተሃል» ተብሎ ሊከሰስ ነው! እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ትዕግሥት ነው። ድራይቨሩ በ2006 ከርነል 2.6.17 ውስጥ ገባ።

ፈርምዌሩ፣ ማለትም ቺፑ ራሱ ላይ የሚሮጠው ፕሮግራም፣ ግን የኩባንያው ንብረት ስለሆነ ያለፈቃድ ማከፋፈል አልተቻለም። ተጠቃሚው ራሱ ከኩባንያው ድራይቨር ውስጥ በትንሽ መሣሪያ ቆርጦ ማውጣት ነበረበት። ያ የስህተት መልእክት የመጣው ከዚህ ነው። ብሮድኮም በ2010 ለአዳዲስ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ለቀቀ፤ የድሮዎቹ ካርዶች ግን ዛሬም ያንኑ ፋይል ይጠይቃሉ።