ክፍል፣ ክፍያ፣ ዋስ

ክፍልና ክፍያ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የግዕዙ «ከፈለ» ለየ፣ አካፈለ ማለት ነው፤ «ክፍል»ም ከሙሉው የተቆረሰው ነው፦ የመጽሐፍ ክፍል፣ የቤት ክፍል፣ ቀጥሎም ተማሪው የሚቀመጥበት። አማርኛ ከዚሁ ሥር ገንዘብ መስጠትን አወጣ፤ ከፋይ ካለው ቆርሶ ያካፍላልና ይመስለኛል። «ክፍል ለመግባት ክፍያ ክፈል» የተባለ ልጅ አንድ ሥር ሦስት ጊዜ ሰማ።

ዛሬ የትምህርት ክፍያ የሚባልበት የእንግሊዝኛው «ቱይሽን» ሲወለድ ዋጋ አልነበረም። የላቲኑ «ቱኤሪ» መጠበቅ ነው፤ «ቱተር»ም በሮማ ሕግ ሞግዚት ነበር። ጥበቃው ወደ ማስተማር፣ ማስተማሩ ወደ ማስተማሪያው ገንዘብ ተሻገረ።

ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ተማሪ ግን ቁልፉ ቃል «ዋስ» ነው። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ቅጽ የሚሰጠው ቢያንስ የአንድ ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን አይቶ ነው። የፌዴራሉ የተማሪ ብድር ለዜጎች፣ ግሪን ካርድ ላላቸው፣ ጥገኝነት ለተፈቀደላቸውና ለመሳሰሉት ነው፤ በኤፍ-1፣ በተማሪ ቪዛ፣ የገባ አያገኘውም። የግል አበዳሪዎችም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚፈርም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይጠይቃሉ። ግዕዝ ይህን ሰው «ዋሕስ» ይለዋል። ትግርኛ ሐውን እስከ ዛሬ ጠብቆታል፤ አማርኛ ውጦት «ዋስ» አለ። መያዣ ቤትም መሬትም ይሆናል፤ ዋስ ግን ሰው ነው። ከአገሩ ርቆ ለሄደ ልጅ ከገንዘቡ እኩል የሚቸግረው ይህን ሰው ማግኘት ነው።

ብድሩ ሲገኝ «ወለድ» ይከተላል፤ ገንዘብ የወለደው ገንዘብ። ግሪኮችም «ቶኮስ» ሲሉ ልጅም ወለድም ማለታቸው ነው። ዕብራይስጥ ግን «ኔሼክ» ይለዋል፤ ንክሻ። ቃሉ የግዕዙ «ነሰከ» ዘመድ ነው፤ አማርኛ ፊደላቱን አዟዙሮ «ነከሰ» ያለው። አንዱን ስም አበዳሪ፣ ሌላውን ተበዳሪ ያወጣው ይመስላል።

ዕዳን መመለስ በግዕዝ «ፈደየ» ነው፤ ስሙ «ፍዳ»። በአማርኛ ሒሳቡ ተረስቶ ሥቃዩ ቀረ፦ «ፍዳውን አየ»። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው 5500 ዘመን «ዓመተ ፍዳ»፣ ከዚያ ወዲህ ያለው «ዓመተ ምሕረት» ይባላል። የዘመን መቁጠሪያችን ራሱ በዕዳና በይቅርታ ተከፍሏል።

«ምሕረት» በሐመሩ ሐ ከ«መሐረ»፣ ይቅር አለ፤ «ትምህርት» በሃሌታው ሀ ከ«መሀረ»፣ አስተማረ። ሥሮቻቸው ሁለት ናቸው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲተው ግን አንድ ቦታ ተገናኙ፦ «ተማረ» ዕውቀት ገበየ፣ «ተማረ» ምሕረት አገኘ። ዲግሪውን ይዞ ዕዳውን እየከፈለ ለሚኖር ሰው፣ ሁለተኛው «ተማረ» ከመጀመሪያው ብዙ ዓመት ዘግይቶ ይመጣል።