ልየታ፦ ሕመም የማይሰማትን ሴት መመርመር

«ልየታ» በሕክምናው መስክ «ስክሪኒንግ» ለሚባለው አሠራር የቆመ የአማርኛ ስያሜ ሲሆን፣ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ሰዎች በቀላል ዘዴ አይቶ፣ በሽታ ወይም ወደ በሽታ የሚያመራ ለውጥ ሊኖርባቸው የሚችሉትን ከሌሎቹ ነጥሎ ማውጣትን ያመለክታል። የተለመደው «ምርመራ» የሚለው ቃል ይህን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አይሸከምም፤ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ታማሚው «አመመኝ» ብሎ ሲመጣ ነው፣ ልየታ ግን ጤነኛ ነኝ የምትለውን ሴት ጠርቶ ያያል። በማኅፀን በር ካንሰር ረገድማ «የቅድመ ካንሰር ልየታ» ቢባል ይበልጥ ልክ ይሆናል፤ የሚፈለገው በማኅፀን በር ላይ ያሉ ሕዋሳት ተለውጠው ገና ካንሰር ያልሆኑበት ደረጃ ነውና።

ይህ ደረጃ ረጅም ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሚተላለፈው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሳቢያ ሲሆን፣ ከቫይረሱ ዝርያዎች 16ኛውና 18ኛው ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው ካንሰር ምክንያት ናቸው። አብዛኞቹ ሴቶች ቫይረሱን በተፈጥሯዊ የመከላከል አቅማቸው ያስወግዱታል፤ በሰውነታቸው በሚቆይባቸው ላይ ግን ለውጡ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ኖሮ ሕክምና ባልጀመሩት ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይፈጃል። በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች ሲሠራበት የቆየው ዘዴ በአሴቲክ አሲድ እየታገዙ የማኅፀኑን በር በዓይን የማየት ምርመራ ነው። ነርሷ ወይም አዋላጇ ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አቼቶን አቼቶ ባሰኘው በዚያው አሲድ፣ የራሰ ጥጥ የማኅፀኑን በር ታስነካና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ዳርቻው ጎልቶ የሚታይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ነጩ ቦታ ሰፊ ካልሆነና ካንሰር የሚያስጠረጥር ምልክት ከሌለው፣ መሣሪያው ባለበት ጤና ጣቢያ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ማስወገድ ይቻላል።

ልየታው ከትልቅ ሆስፒታል ይልቅ ለመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ፣ ማለትም ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን አያይዞ ለያዘው አደረጃጀት የሚስማማውም በዚህ ምክንያት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ በምትገኘው በሐሙሲት ከተማ፣ እንዲሁም ከእርሷ ወዲያ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ይታያል። የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ውኃው ማሳውንም መንገዱንም ይይዛል፤ የሩዝ አረም ደግሞ የቤተሰቡን ጉልበት ሁሉ ይፈልጋል። ምንም ያላመማት ሴት አረሟን ጥላ፣ ጭቃ ረግጣ ለምርመራ ብቻ ከተማ ትወጣለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ ለገበያ በወጣችበት ቀን አገልግሎቱ ክፍት ሆኖ ካገኘችው ግን ጎራ ልትል ትችላለች።

ከጎርፍ ሌላ ወረርሽኝም ልየታን ሊያስተጓጉል ይችላል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ከተገኘ በኋላ፣ በዚያው ወር መጨረሻ በባሕር ዳር ከተማ ለ14 ቀናት የእንቅስቃሴ ገደብ ተጣለ፤ ከሐሙሲትም ሆነ ከወረታ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሚላክ ታማሚ ደግሞ የሚገባው ወደዚያችው ከተማ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ የጤና ተቋማት ለአስቸኳይ ጉዳይ ቅድሚያ ይሰጣሉ፣ አስቸኳይነትም በምልክት ይለካል። ምጥ አይቆይም፣ ወባም አይቆይም፤ ልየታ ግን በባሕርይው ምልክት ለሌላት ሴት የሚሰጥ በመሆኑ ቢቀር አቤት የሚል አይገኝም። ስያሜውም ቢሆን በዚያ ዓመት ሌላ ጥላ አጠላበት፤ በየበሩ በግንባር ላይ የሚደገነው መለኪያ «የሙቀት ልየታ»፣ ተጠርጣሪው የሚወሰድበት ቦታ «ለይቶ ማቆያ» ይባሉ ስለነበር፣ «ለልየታ ነይ» የተባለች ሴት ከጤና አገልግሎት ይልቅ መነጠልን ብታስብ አይፈረድባትም። ቃሉን ግን ለዚህ ሲባል መተው ተገቢ አይመስልም፤ «የማኅፀን በር» ከሚለው ጋር ሁልጊዜ አጣምሮ መጥራቱ ይበቃል።

የአገልግሎቱ መቋረጥ ሁሉንም እኩል አይጎዳም። የበሽታው ጉዞ ዓመታትን የሚፈጅ በመሆኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትታይ የ32 ዓመት ሴት ቀጠሮዋ በስድስት ወር ቢገፋ አደጋው አነስተኛ ነው። ነጭ ቦታ ታይቶባት ለሕክምና ተቀጥራ የነበረችው፣ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት፣ ወይም 49 ዓመቷን ልትደፍን የቀረበችው ሴት ግን ከመዝገብ ከወጣች የምትመለሰው ደም ሲፈሳት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያስፈልጋት ቀዶ ሕክምና ወይም የጨረር ሕክምና ነው፣ የኋለኛውም በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። እንግዲህ በወረርሽኝ ጊዜ መዳን ያለበት የመጀመሪያው ነገር የቀጠሮ መዝገቡ ነው። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስለ ትኩሳትና ሳል ስትጠይቅ፣ ቀጠሮ ያለፋቸውን ሴቶች ስም ይዛ ብትሄድ ሌላ ጉዞ አያስፈልጋትም።

የዓለም ጤና ድርጅት ኅዳር 2013 ዓ.ም. ላይ፣ ወረርሽኙ ገና ሳይበርድ፣ በ2030 እ.ኤ.አ. 90 በመቶ ልጃገረዶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፣ 70 በመቶ ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው ልየታ እንዲደረግላቸው፣ 90 በመቶ ታማሚዎች እንዲታከሙ የሚል ግብ አወጣ፤ ከወራት በኋላም ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገውን የዘረመል ምርመራ ለልየታ ተመራጭ አድርጎ መከረ። በዚህ ዘዴ ሴትየዋ ናሙናውን በቤቷ ራሷ ልትወስድ ትችላለች፤ ለፎገራ ሜዳ ሴቶች ይህ ትልቅ ማቃለያ ቢሆንም፣ ናሙናው መሣሪያው ወዳለበት ላቦራቶሪ መድረስ፣ ውጤቱም ወደ ቀበሌዋ መመለስ፣ ቫይረሱ የተገኘባትም ለሕክምና መምጣት ስላለባት፣ ጉማራ የሞላ ዕለት ችግሩ ያው ነው።